እጅ ያልከደነው ሳህን

ካትማንዱ፣ አሶጅ 12

ለተከበሩ አክስቴ ለፉፑ ዳምባር ኩማሪ፣
ቱክቼ

ከሩቅ ሆኜ እግርዎን እየሳምኩ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የአራቱ ጎሳ አማልክት ጤናዎንና ምድጃዎን ይጠብቁልኝ። የቀትሩ ነፋስ ዘንድሮም የጣሪያውን ድንጋይ እንዳላንቀሳቀሰው ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በጣም ደህና ነኝ።

ከቤት ስወጣ ያሉኝን አልረሳሁም። «ይህ ምድጃ ከእኔ በኋላ ያንቺ ነው፤ አንቺ ትተሽው ከሄድሽ ሌላ ሰው አያነደውም» ነበር ያሉኝ። እኔም ወለሉ እብነ በረድ በሆነ ቤት አበስላለሁ ብዬ ፎክሬ ወጣሁ። ይኸው ፉከራዬ ደረሰ። ካዚኖ ባለው ትልቅ ሆቴል ውስጥ የእኛ የታካሊ ጎሳ ምግብ የሚቀርብበት ክፍል ተከፍቶ ኃላፊዋ እኔ ሆኛለሁ። ታካሊ መሆኔን ሲሰሙ ሌላ ጥያቄ እንኳ አልጠየቁኝም። የእኛ ሴቶች እጅ የጨው ነጋዴ ሲያበላ መኖሩን እዚህም ያውቁታል።

እንግዶቹ ከህንድ በአውሮፕላን ይመጣሉ። ቁማር እስከተጫወቱ ድረስ አልጋውም፣ ምግቡም፣ መጠጡም በነጻ ነው። አዳራሹ መስኮት የለውም፤ ግድግዳው ላይ ሰዓት አልተሰቀለም። የእኔ ምግብ ቤት እዚያው አዳራሽ ውስጥ፣ ከካርታ ጠረጴዛዎቹ ጀርባ ነው። ደንብ ልብስ ከለበስነው ሠራተኞች በቀር የአገሬን ሰው እዚህ አላየሁም።

አልጋዎቹን ቢያዩ ፉፑ! አንዱ ላይ አራት በቅሎ ነጂ ከነብርድ ልብሱ ይተኛበታል። ትራሱ ላይ ቸኮሌት ይቀመጣል። ታዲያ ማንም አይተኛበትም። ሻንጣቸውን ይወረውሩበትና ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ጽዳቶቹም ማንም ያልተጋደመበትን አንሶላ በየቀኑ ይቀይራሉ። ቡፌው ላይ ደግሞ ከሐብሐብ የተቀረጸ ዳክዬ ቆሞ ይጠብቅዎታል። ሾርባው፣ ኬኩ፣ ዓሣው፣ ሁሉም አለ። ጣዕሙ ግን የለም።

ስለዚህ እባክዎ ቲሙር ቅመም፣ የደረቀ ፍጅል፣ ጂምቡ ቅጠልና የተራራችንን ጥቁር ዱቄት ይላኩልኝ። እዚህ ገበያ ያለው ጂምቡ ገለባ ነው።

የወንድምዎ ልጅ፣
ፕራሚላ


ቱክቼ፣ ካርቲክ 9

ለልጄ ለፕራሚላ፣

ዕድሜሽን የተራራ ያድርግልሽ፤ እጅሽን ከቃጠሎ፣ ምላስሽን ከውሸት ይጠብቅልሽ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ይጮኻል፣ ዓይኔ ጭጋግ ጭጋግ ይለዋል። ከዚያ በቀር የሚነካኝ የለም።

የሰው ምድጃ ልትጠብቂ የራስሽን ሸሸሽ፣ ይሁን። ኃላፊ ሆንኩ ማለትሽን ሰምቻለሁ። ለጎረቤት ሁሉ አውርቻለሁ፤ ቅር ብሎኝ እንደነበር ግን ለማንም አልነገርኩም። ላንቺ ነገርኩሽ።

አልጋው በነጻ ነው ብለሽ ተደነቅሽ። ናኒ፣ ልጄ፣ አንቺ ያደግሽው የት ነው? በእኔ ቤት የበላ ሰው የአልጋ ተጠይቆ ያውቃል? አያትሽም፣ የአያትሽም እናት፣ ከቲቤት ጨው ጭኖ የመጣውን ሁሉ ካበሉ በኋላ የሚያስተኙት በነጻ ነበር። ሰዎችሽ ከእኛ ተምረዋል ማለት ነው። ልዩነቱ እኛ የምናበላው እንዲተኛ መሆኑ ነው።

ማደሪያውማ ሞልቷል። በቅሎ ነጂው፣ ፈረንጁ፣ ነጋዴው፣ አንዱ ሲወጣ አንዱ ይገባል። ለመቀመጥ እንኳ ጊዜ አላገኝም። የጠየቅሽውን ሁሉ በበቅሎ ነጂው በቢርካ ልኬልሻለሁ። ጂምቡውን ቅቤው ሳይግል እንዳትጨምሪው፤ ያንን ስትረሺ ነበር ሁልጊዜ የምቆጣሽ።

አሁን አንድ ነገር ንገሪኝ። ትጨምሪላቸዋለሽ? እንግዳ እጁን ሳህኑ ላይ ዘርግቶ በቃኝ እስኪል ድረስ ጭልፋ አይቀመጥም። ሩዙም፣ ምስሩም፣ ጎመኑም። ሌላው ሌላው ይቅር፣ ይህንን ንገሪኝ።

በፋልጉን ወር ለጎሳችን በዓል ለቶራንላ ትመጫለሽ ብዬ ጠብቃለሁ። አልመጣም ብትይ የሚለምንሽ የለም።

ፉፑሽ


ካትማንዱ፣ ማንግሲር 4

ለተከበሩ ፉፑዬ፣

ጤናዎን እየተመኘሁ ግንባሬን እግርዎ ላይ አኖራለሁ። ቅመሙ ደረሰኝ። ከረጢቱን ስፈታው ቤታችን ሸተተኝና አለቀስኩ። ወጥ ሠሪዎቹ ሽንኩርት ነው የመሰላቸው።

ጨምሬላቸዋለሁ ፉፑ፤ ጉዱ የመጣውም በዚሁ ነው። ከካንፑር የመጣ ቢሻምባር የሚባል የጨርቅ ነጋዴ መጀመሪያ ቀን ገብቶ ተቀመጠ። ሩዝ በምስር፣ ጎመን፣ አቻር የምንለው የፍጅል ማባያ፣ ላዩ ላይ ቅቤ። «ልጨምር?» አልኩት። «ጨምሪ» አለ። እንደገና «ልጨምር?» አልኩት። ቀበቶውን ፈታ። በመጨረሻ እጁን ሳህኑ ላይ ዘርግቶ፣ ታጥቦ፣ «እናቴ ከሞተች ወዲህ እንዲህ በልቼ አላውቅም» አለኝና ተነሳ። ወደ ካርታው ይመለሳል ስል በቀጥታ ወደ ክፍሉ ወጥቶ ተኛ። እስከ ማግስቱ አልተነሳም!

በማግስቱ ጓደኞቹን ይዞ መጣ። እነሱም በሉ፤ እነሱም ተኙ። ጽዳቶቹ በደረጃው ላይ ሲያገኙኝ «አንቺ ነሽ ሥራ ያበዛሽብን» ይሉኛል። ለካ የተተኛበት አንሶላ ማጠብ ሌላ ነው። አልጋዎቹ ሥራ ጀመሩ፤ ጠረጴዛዎቹ ባዶ ሆኑ።

ሥራ አስኪያጁ ሚስተር ቻዳ ጠራኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሲቆጣ እንኳ ሻይ ያዝልኛል።

«ፕራሚላ፣ የምትሰጪያቸው ምግብ ነው ወይስ የእንቅልፍ ኪኒን?»

«ምግብ ነው ጌታዬ።»

«እኔ ምግብ ቤት ክፈቺልኝ አልኩ እንጂ መኝታ ቤት ክፈቺልኝ አላልኩም። ሰውዬው ከካንፑር የመጣው ሊያንኮራፋ ነው?»

«ደክሞት ነበር።»

«ይድከመው! ደክሞት ነው የሚጫወተው!»

ከዛሬ ጀምሮ ትንሽ ሳህን፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ መጨመር የለም አለ። በአንድ እጅ የሚበላ፣ ካርታ ይዞ የሚጎረስ ነገር ሥሪ አለኝ። ደግሞ ክፍሉ ባህላዊ መምሰል ስላለበት የቆዩ የነሐስ ሳህኖች ይፈለጋሉ። የእርስዎ ሳህኖች ትዝ አሉኝ። ለጊዜው ቢያውሱን? ሆቴሉ ኪራይ እከፍላለሁ ይላል።

ስለ ቶራንላ ፈቃድ እጠይቃለሁ። ተስፋ ግን አያድርጉ።

ፕራሚላ


ቱክቼ፣ ፑስ 17

ለፕራሚላ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ እህልሽ ይባረክ። መልሴ የዘገየው በረዶ መንገዱን ስለዘጋው ነው። ደግሞም ተናድጄ ነበር። ንዴቱ ከበረዶው በኋላ ነው የቀለጠው።

መጨመር የለም አለሽ፣ አንቺ ምን አልሽው? ደብዳቤሽን ሁለት ሰው አስነበብኩት። እሱ ያለውን ሁሉ ጽፈሻል፤ ሻይ ማዘዙን ሳይቀር። አንቺ ያልሽው ግን የትም የለም። ከሕፃንነትሽ ጀምሮ አንድ ነገር ስታጠፊ ሌላ ብዙ ታወሪ ነበር።

ሳህኖቹን ልኬልሻለሁ። አንዱን ብቻ አስቀርቻለሁ። ቢርካ በገለባ አድርጎ ጭኗቸዋል፤ የተጣመመ ካለ እሱን ጠይቂ። ኪራያችሁን ግን አልፈልግም። እኔ የማከራየው ነገር የለኝም፤ ሳህን ሰው ይበላበታል እንጂ አይከራይም። ግድግዳ ላይ እንዳትሰቅያቸው። ሰቅለሻቸው እንደሆነ እንዳላይ አድርጊ፤ ምክንያቱም እመጣለሁ።

አዎ፣ እመጣለሁ። በማግ ወር ዓይኔን ለመታየት ካትማንዱ ሐኪም ዘንድ ልሄድ ነው። የሟች ባሌ ዘመዶች ዘንድ አድራለሁ፤ ምሳዬን ግን አንቺ ዘንድ ነው የምበላው። በዕድሜዬ ሙሉ ሰው ሳበላ ኖሬ የሰው ቤት ቁጭ ብዬ በልቼ አላውቅም። ያንቺን ልቅመስ። ትንሽ ሳህን የሚሉትንም አመጣጡን ልይለት።

ፉፑሽ


ካትማንዱ፣ ፑስ 28

ለተከበሩ ፉፑ፣

ሰላምታዬ ካለሁበት ይድረስዎ። ሳህኖቹ በደህና ደርሰዋል፤ የተጣመመም የለም። ስለ ደግነትዎ ሁሉም ያመሰግናሉ።

ተሰቅለዋል። አልዋሽዎትም። ቆንጆ ብርሃን ተደርጎላቸው ያብረቀርቃሉ። እንግዶቹ በትንንሽ የሸክላ ሳህን አንድ ጊዜ ይበላሉ፤ ከዚያ ይነሳሉ፤ ወደ ካርታቸው ይሄዳሉ። ያልኩትን ጠይቀውኛል፤ «እሺ» ነው ያልኩት። ምን ልበል? ጊዜው ሌላ ነው ፉፑ። የከተማ ሰው በእርስዎ ቤት ሕግ አይኖርም። ቢሻምባር ከካንፑር ተመልሶ መጥቷል፤ ትናንት ሳህኑን ይዞ እንደ ልጅ አየኝ። እኔም ዞር አልኩ።

መንገዱ በማግ ብርድ ነው። አውቶቡሱም ወገብ ይቆርጣል። ዓይንዎን እዚያው በሚቀርብዎት ከተማ ፖክራ ላይ ቢታዩትስ? ከመጡ ደግሞ እኔ ወዳረፉበት እመጣለሁ፤ እዚያው ሠርቼ አበላዎታለሁ። ወደ ሆቴሉ መምጣት አያስፈልግም። ጫጫታ ነው፤ ሲጋራው ዓይንዎን ያመዋል።

አንድ ነገር ልጠይቅ። ሳህኖቹን አንድ ሲቀር ሁሉንም ልከውልኛል። ማደሪያው ከሞላ እንግዶችዎ በምን ይበላሉ?

ፕራሚላ


ቱክቼ፣ ማግ 26

ለፕራሚላ፣

ያሳደግሁሽ እጅ ይባርክሽ። ከጉዞዬ በደህና ተመልሻለሁ። ሐኪሙ የዓይን ሞራ ነው አለኝ። ልታሳዪኝ ያልፈለግሽውን ለማየት ግን በቂ ዓይን አለኝ።

ከምሳው በኋላ ባረፍኩበት ቤት እስኪመሽ ጠበቅሁሽ። አልመጣሽም። አውቶቡሱ በማለዳ ነበርና ሳንነጋገር ሄድኩ። ስለዚህ እኔ ሆቴሉ በር ላይ ስደርስ የሆነውን ስሚ፤ እዚያ አንቺ አልነበርሽም።

በር ላይ ጢማም ዘበኛ ቆሟል። ነጩን ሻሼን አስሬ፣ አዲሱን መቀነቴን ታጥቄ ደረስኩ።

«እማማ፣ ከየት ነዎት?» አለኝ።

«ከቱክቼ።»

«እንግዲያው የእኛው ሰው ነዎት» አለና አንገቱን ደፋ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ኔፓላዊ ካዚኖ አይገባም። ሕግ ነው።»

«ምን ልጫወት መሰለህ? ምሳ ልበላ ነው የመጣሁት።»

«ምግብ ቤቱም ከውስጥ ነው እማማ።»

«ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ሳህኖች የእኔ ናቸው። እነሱ ሲገቡ ማን ከለከላቸው?»

«ፓስፖርት የምንጠይቀው ሰውን ነው፤ ሳህን አንጠይቅም» አለ። አፍሮ ነው እንጂ ሊያላግጥብኝ አልነበረም። አየሁት።

ለዚህ ነው እንግዲህ ብርዱ፣ አውቶቡሱ፣ ሲጋራው። በገዛ አገሬ፣ በገዛ ወንድሜ ልጅ ምግብ ቤት፣ ከገዛ ሳህኔ መብላት እንደማልችል ለመናገር አፍረሽ ነው። ብትነግሪኝ ኖሮ አልመጣም ነበር? አይ፣ እመጣ ነበር። ቁጣዬን አሰናድቼ እመጣ ነበር።

በዚያ እብነ በረድሽ ላይ፣ መቀበያው አዳራሽ ውስጥ፣ ከወንበሮቹ አንዱ ላይ ተቀመጥኩ። ዘበኛው ሊያስነሳኝ አልደፈረም፤ አንቺን ለመጥራት ሄደ። ወጣሽ፣ አየሽኝ፣ ፊትሽ ቀላ፣ ተመልሰሽ ገባሽ። ናኒ፣ ያን ጊዜ ልቤ ተሰበረ። አፈረችብኝ አልኩ። ይህን ሁሉ ዓመት ያሳደግኳት ልጅ ደንብ ልብስ ለብሳ አፈረችብኝ አልኩ። ልነሳ ጉልበቴን ስይዝ ሳህኔን ይዘሽ ብቅ አልሽ። የተሰቀለበት ሽቦ ከኋላው እንደተንጠለጠለ፣ ሩዙ እየጨሰ።

ከዚያ ሰውዬሽ መጣ። ያልሽውን አልረሳውም።

«ፕራሚላ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«አክስቴ ናቸው ጌታዬ። ምሳ እየበሉ ነው።»

«እዚህ አይበላም!»

«እዚያ አያስገቧቸውም። እዚህ አይበላም። ታዲያ የት ይብሉ፣ ጣሪያ ላይ?»

ሰው ማየት ጀምሮ ስለነበር ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መልካም። ሲጨርሱ ይሂዱ» አለ።

ሲጨርሱ አለ! ሰውዬው ሕጋችንን አያውቅም። እኔ ጨረስኩ የምለው እጄን ሳህኑ ላይ ስዘረጋ ነው፤ እኔ ካልዘረጋሁ ደግሞ አንቺ መጨመር አለብሽ። እንግዲያው አልዘረጋም አልኩ በሆዴ። «ልጨምር?» አልሽኝ። «ጨምሪ።» ሄድሽ፣ በካርታ ጠረጴዛዎቹ መካከል አልፈሽ፣ ጭልፋሽን ይዘሽ መጣሽ። «ልጨምር?» «ጨምሪ።» ከሦስተኛው በኋላ ረሃብ የሚባል ነገር አልነበረኝም፤ የሚያስበላኝ እልህ ነበር። መቀነቴን ፈታሁ። ላብ አጠመቀኝ። ሰውዬሽ አንዴ ሰዓቱን አንዴ እኔን ያያል። ግራ እጄን ከጉልበቴ በታች ደብቄ ነበር የምበላው፣ ተሳስቼ ሳህኑ ላይ እንዳላሳርፋት።

ጭልፋሽን ተከትሎ ያ የጨርቅ ነጋዴ ወጣ። «ለእኛ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ተባልን፤ ለእኚህ እናት ለምንድን ነው የሚጨመረው?» አለ። «እጄን ስላልዘረጋሁ ነው ልጄ» አልኩት። ጫማውን አውልቆ እብነ በረዱ ላይ እግሩን አጣጥፎ ተቀመጠ። ጓደኛውም ተከተለው። እነዚያ ካርታቸውን በኪሳቸው የያዙ ሰዎች ሁሉ ወለሉ ላይ ተደርድረው ሳህን ሳህን ሲሉ ሳቄ መጥቶ ሩዙ ሊያንቀኝ ነበር። ድስቱ ባዶ ሆነ ብለሽ ያሳየሽኝ ጊዜ ብቻ ነው እጄን ያወጣሁት።

ጣዕሙ ጥሩ ነበር። ጂምቡውን ቅቤው ሳይግል ነው የጨመርሽው፤ ቢሆንም ጥሩ ነበር።

ከዚያ በኋላ ምን አደረገሽ? ሌላ ነገር አትጻፊ። እሱን ብቻ ጻፊ።

ፉፑሽ


ካትማንዱ፣ ፋልጉን 6

ለፉፑዬ፣

እግርዎን እስማለሁ፣ በዚህ ጊዜ ከልቤ ነው።

ያን ዕለት ማታ ያልመጣሁት ሚስተር ቻዳ ቢሮው አስቀምጦኝ ስለነበር ነው። ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠኝ። «ይቅርታ ጠይቄያለሁ፣ ሁለተኛ አንድ ሰው ከአንድ ሳህን በላይ አላበላም ብለሽ ጻፊና ፈርሚ። ደመወዝሽን እንኳ እጨምርልሻለሁ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ይጨምርልኝ ነበር። «የአንቺ ችግር ምግብሽ መጥፎ መሆኑ አይደለም። ይሄ ቤት ሰው ጠግቦ እንዲተኛ አልተሠራም። ይገባሻል?» አለኝ።

ገባኝ። እስከዚያች ሰዓት ግን አልገባኝም ነበር ፉፑ። ያ ሁሉ አልጋ፣ ያ ሁሉ ቸኮሌት፣ ያ የሐብሐብ ዳክዬ ለማንም አልነበረም። ቆንጆ ሆኖ እንዲታይ ብቻ ነው። የእርስዎንም ሳህኖች እኔው ራሴ እንዲያ አድርጌ ነበር የሰቀልኳቸው። በጣም አፈርኩ። መቀበያው ላይ ተቀምጠው ሳይዎት ያፈርኩት በእርስዎ አልነበረም። አፈረችብኝ እንዳሉ ዕድሜ ልክ እንዳይቀሩ ብዬ ነው ይህንን የምጽፈው።

ወረቀቱን ባዶውን መለስኩለት። «ምን ማለት ነው?» አለ። «የምጽፈው ነገር አጣሁ» አልኩት። ደንብ ልብሴን አጣጥፌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ከዚያ አዳራሹ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ ካርታ ይዞ እያየኝ፣ መሰላል አምጥቼ ሳህኖቹን አንድ በአንድ አወረድኳቸው። ጽዳቶቹ በገለባ ፋንታ ከሆቴሉ አሮጌ አንሶላ ሰጡኝ፤ በእሱ ጠቀለልኳቸው። ቢሻምባር መሰላሉን ያዘልኝ። ጢማሙ ዘበኛ ደግሞ ስወጣ ፓስፖርት አልጠየቃቸውም።

ለቶራንላ አልደርስ ይሆናል፤ ግን እየመጣሁ ነው። ምድጃውን ልቀበል እየመጣሁ ነው። ለእንግዶቹ ይንገሯቸው።

ፕራሚላ


ቱክቼ፣ ፋልጉን 15

ለልጄ ለፕራሚላ፣

ቢርካ ነገ ወደ ታች ይወርዳል፤ ይህ ወረቀት በፍጥነት እንዲያገኝሽ ለምኜዋለሁ። ከመንገድ ተመለሺ።

ለእንግዶቹ ይንገሯቸው አልሽኝ። የምነግረው እንግዳ የለኝም። ካምና በፊት ጀምሮ የለኝም። ከላይ አዲስ ሎጅ ተሠራ፤ ሙቅ ውሃ አለው፣ ፒዛ አለው፣ ወንበሩ ስፖንጅ ነው። ፈረንጁ ሁሉ እዚያ ነው። የቲቤት ጨው ከቀረ ስንት ጊዜው ነው፤ በቅሎ ነጂዎቹም ቅርብ ቅርቡን ጭነው ቤታቸው ያድራሉ። ሞልቷል ያልኩሽ ውሸት ነው። አንቺን ከውሸት ይጠብቅሽ ብዬ በመረቅሁበት ወረቀት ላይ ነው የዋሸሁት። ሳህኖቹን የላክሁልሽ የሚበላባቸው ሰው ስላልነበረ ነው። ባስቀረሁት በአንዱ ብቻዬን እየበላሁ ነው የከረምኩት።

ሆቴሉ ሄጄ ያን ሁሉ ጉድ ያፈላሁት ተናድጄ ነው። ያንቺን እንጀራ አሰናክዬ ባዶ ቤት ላወርስሽ አልነበረም። ተመለሺና ፈርሚለት። ወረቀት ነው፤ ምን ያደርግሻል? ደመወዝ እጨምራለሁ ብሎሻል። እኔ አርጅቻለሁ፤ ምድጃው ከእኔ ጋር ይጥፋ። ወለሉ እብነ በረድ የሆነ ቦታ መኖር ይገባሻል።

በቃ ልጄ። ያደረግሽልኝ በቃኝ።

ፉፑሽ


ጋሳ፣ ፋልጉን 18

ለተከበሩ ፉፑዬ ለዳምባር ኩማሪ፣

ቢርካን ጋሳ ድልድይ ላይ አገኘሁት። እሱ ይወርዳል፣ እኔ እወጣለሁ። ደብዳቤዎን እዚያው ቆሜ አነበብኩት። ሳህኖቹ የተጫኑባት በቅሎ ስላነከሰች አንድ ቀን ላሳርፋት ነው፤ ፖስተኛው ግን ነገ ሲነጋ ወደ ላይ ስለሚሄድ ይህ ከእኔ ቀድሞ ይደርስዎታል።

ማደሪያው ባዶ መሆኑን አውቅ ነበር። ሳህኖቹን አንድ ሲቀር በሙሉ የላኩ ዕለት ነው ያወቅሁት። አውቄ ነው የመጣሁት። ባላውቅም እመጣ ነበር።

ሎጁ ፒዛውን ያብላ። ትናንት ያደርኩበት ቤት በር ላይ ሁለት ፈረንጅና ሦስት በቅሎ ነጂ ተቀምጠው ስለ ሆድ ሲያወሩ ነበር። ወደ ላይ ስትወጡ ቱክቼ ላይ ካረፋችሁ እጃችሁን እስክትዘረጉ ይጨመርላችኋል፣ አልጋው ደግሞ ለበላ ሰው በነጻ ነው አልኳቸው። በቅሎ ነጂዎቹ የዳምባር ኩማሪ ቤት ገና አለ እንዴ አሉኝ። አለ አልኳቸው። ይምጡ አይምጡ አላውቅም። እንጨቱን ግን ያስፈልጡ።

ደግሞ «በቃ» ብለው ጻፉልኝ። ፉፑ፣ እርስዎ ራስዎ ያስተማሩኝን ልንገርዎት። በቃ የሚለው አስተናጋጁ አይደለም፣ የሚበላው ነው። እኔ እስካሁን እጄን ሳህኔ ላይ አልዘረጋሁም።

ምድጃውን ያንድዱት። ከነገ ወዲያ ከቀትር በፊት፣ ነፋሱ ሳይነሳ፣ እደርሳለሁ።

ፕራሚላ